የዳለቻ የሕይወት ታሪክ

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። የሚያንኳኳው ሟቹ አይደለም፤ ቤተሰቡ ነው። ላሊበላ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ጠጉሬ ሸብቷል፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በማስተማሬ አይደለም። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ጀምሮ፣ «ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ብሎ የሚያበቃውን ማለቴ ነው። እንዴት እንደገባሁበት እንጃ። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ጻፍኩ፣ ሰው አለቀሰ። ሁለተኛ ጻፍኩ፣ አንዲት ሴት ራሷን ሳተች። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ?

እንዲያውም ከታች ሰፈር አንድ ጤነኛ ሽማግሌ አሉ። «ስሞት የምታነበውን ከአሁኑ ልየው» ብለው አስጽፈውኝ፣ በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት እየመጡ ያሳርሙኛል። አምና «ደግ ነበሩ» የሚለውን «እጅግ ደግ ነበሩ» አስብለውኛል። ዘንድሮ «መልከ መልካም» ይግባበት ብለው ተጣልተናል። እኔም እኮ ለኅሊናዬ ማደር አለብኝ።

እና ዘንድሮ፣ ከሽማግሌው ጋር በተጣላን በሳምንቱ፣ ሰናይት መጣች። ሰናይት የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ወረዳ ትሠራለች።

«ቲቸር፣ የምግብ ፌስቲቫል ልናዘጋጅ ነው» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «የላስታን በግና በጉን የሚያረቡትን የገበሬ ቤተሰቦች የምናከብርበት።»

«ጎሽ። በጉም ይከበራል?»

«በጉማ ይበላል።»

ነገሩን አስረዳችኝ። ሆቴሎቹ ሥጋ ከሩቅ ያስመጣሉ፤ የእኛ ገበሬ ደግሞ ገብስና ባቄላ አብልቶ ያሳደገውን ሙክት ይዞ ገዢ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ስድስት ቤተሰቦች ስድስት በግ ያመጣሉ፣ ከአዲስ አበባ የተጠራ ሼፍ ይሠራዋል፣ የሆቴል ባለቤቶች ይቀምሳሉ፣ ከጣማቸው እዚያው ከገበሬዎቹ ጋር ይዋዋላሉ። ለዚህች አንዲት ቀን ሰናይት ዓመቱን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትለምን ከርማለች። ጾም እንዳያበላሽባት እንኳ ተጠንቅቃ በበዓለ ሃምሳ አድርጋዋለች፤ በሃምሳው ረቡዕም ዓርብም የለም።

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«የሚበላው ሰው በጉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳሳደገው ማወቅ አለበት። ለየበጉ አጭር ታሪክ ይጻፉልን።»

«ሰናይት፣ እኔ ለበግ ጽፌ አላውቅም።»

«ቲቸር ደግሞ! ለእነእንትና ጽፈው የለም እንዴ?» ብላ የአንድ ሟች ስም ጠራችልኝ። ስማቸውን አልደግመውም፤ ግን አፌን አስያዘችኝ።

ባለቤቴ ትርንጎ ስትሰማ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ለበግ የሕይወት ታሪክ? ለእናቴ ግማሽ ገጽ የጻፍክ ሰውዬ?»

«ለእናትሽ ያጠረብኝ ሐዘኔ በዝቶ ነው።»

«እስቲ ለበጉ ምን ያህል እንደምታዝን እናያለን» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በማግስቱ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ሙጃ ወጣሁ። የሙጃን ብርድ የማያውቅ ሰው ጥርሱ የራሱ ይመስለዋል። እዚያ ሲደርስ ግን ጥርሶቹ ለብቻቸው ያወራሉ። የመጀመሪያዋ ባለ በግ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ቆፍጣና ሴት። ባላቸው አቶ ምስጋናው ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም መሬት መሬት እያዩ ነው። በጉ ዳለቻ ይባላል። ስሙ እንደሚለው አመድማ ነው፤ ግን ጥጃ ያክላል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝ፤ ዓይኑ የዳይሬክተራችንን ዓይን ይመስላል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ በጉ ምን ይበላል?» አልኩ ደብተሬን ዘርግቼ።

«ምን የማይበላ አለ መምህር? ገብስ ይበላል፣ የባቄላ ገለባ ይበላል፣ አተላ ይጠጣል። የምስጋናውን ባርኔጣም በልቷል።»

አቶ ምስጋናው ራሳቸውን ዳበስ አደረጉ።

«እናቱ የወለደችው ዕለት ሞተች» አሉ እትዬ ደብሪቱ ቀጥለው። «በነጠላዬ ጠቅልዬ ከምድጃው ሥር አሳደግሁት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ተከትሎኝ ይመጣና ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቅዳሴው ሲረዝም ብቻ ይጮኻል።»

«እኛም እኮ አፍረን ነው እንጂ» አሉ አቶ ምስጋናው መሬት መሬት እያዩ።

«ጥፋትስ የለበትም?»

«ምንም። አንድ ጊዜ ብቻ የግብርና ባለሙያውን ወግቶ ገደል ከቶታል።»

«ገደል!»

«ኧረ ትንሽ ገደል ናት።»

እኔ ልቤ ተነክቶ፣ «ታዲያ እንዴት ለማሳረድ ጨከኑ?» ብላቸው፣ ሴትዮዋ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አዩኝ። «በግ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ደብተሬን ዘግቼ ብመለስ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር።

ሁለተኛው ባለ በግ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ከመንገድ ዳር ካለች የቆላ ከተማ የመጡ፣ ሳቂታ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። በጋቸው ጉራቻ ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ አንድ ነጭ ጠጉር የለበትም።

«ወላሂ መምህር፣ ሦስት ጊዜ ገበያ አወጣሁት፣ ሦስት ጊዜ ይዤው ተመለስኩ» አሉኝ።

«ለምን? ከሳ?»

«ኧረ ስቡስ ሞልቷል፣ ጠባዩ ነው የሚያስቸግረው! ገዢው ጥርሱን ሊያይ ጎንበስ ሲል እሱም የገዢውን ጥርስ ያያል። ሰው ይደነግጣል። አንዱማ የወርቅ ጥርስ ነበረው፤ ጉራቻ ሊላቀቀው ነው? በሰው ብዛት አስጣልነው።»

የቀሩትን አራቱንም አዳርሼ፣ ቤቴ ገብቼ ልጽፍ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ ሰናይት እንዳለችው «ምግቡ ገብስ፣ መኖሪያው ደጋ» ብዬ ጀመርኩ። አልሄድ አለኝ። ብዕር እንደ በቅሎ ናት፤ የለመደችው ደጅ ላይ ካልሆነ አትቆምም። የእኔ ብዕር የለመደችው ደግሞ የለቅሶ ደጅ ነው። ሳላስበው «ከአባቱ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኳት። ለዳለቻ ሁለት ገጽ ተኩል ወጣው። ትርንጎ አንብባ ዓይኗን በመቀነቷ ጠረገች። ከዚያ ስለ እናቷ ግማሽ ገጽ ትዝ አላትና ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ቀኑ ደረሰ። ከከተማው በታች ካለው ሜዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ድንኳን ተተከለ። ወሎ እንዲህ ነው፤ ክርስቲያንና እስላም በሰርግ እንጠራራለን፣ በለቅሶ እንደራረሳለን፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ለየራሳችን ቢላ አለን። ስለዚህ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤት፤ ሦስት በግ ለዚህ፣ ሦስት በግ ለዚያ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሼፍ በሁለቱ መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። ነጭ ረጅም ቆቡን ያዩ አንዲት እናት ቄስ መስሏቸው መስቀል እስኪያሳልማቸው ጎንበስ ብለው ቆመው ነበር። ሼፉ ግራ ቢገባው በጭልፋው ሊያቀምሳቸው ሞከረ።

እንግዳው ሞላ። የሆቴል ባለቤቶቹ ከፊት ተቀመጡ። ስድስቱ በጎች አንገታቸው ላይ ሪባን ታስሮላቸው ተሰለፉ። ሰናይት በአዲስ ቀሚስ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ እያበራ፣ ማይክራፎኑን ሰጠችኝ።

አያችሁ፣ እኔ ማይክራፎን የምይዘው በቀብር ብቻ ነው። ድንኳን አየሁ፣ ሕዝብ አየሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «የተከበራችሁ ሐዘንተኞች» አልኩ።

አንድ ሁለት ሰው ኮፍያውን አወለቀ።

ላርመው አስቤ ነበር፤ ግን የተወረወረ ድንጋይ አይጠራም። ማንበቤን ቀጠልኩ። «ዳለቻ፣ ስሙ ካልታወቀ አባቱና ከእናቱ ከነጮ በሙጃ ተወለደ። ገና በተወለደበት ዕለት፣ የእናት ፍቅር ሳያውቅ፣ ወላጁን በሞት ተነጠቀ። ዳለቻ ቤተ ክርስቲያን ወዳድ፣ ለአሳዳጊዎቹ ታዛዥ፣ ከጎረቤት በጎች ጋር ተግባብቶ የሚኖር፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ነበር።»

«ነበር» ስል ዳለቻ ቀና ብሎ አየኝ።

ሴቶቹ አፍንጫቸውን መሳብ ጀመሩ። እኔ ደግሞ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ሰው ሲያለቅስልኝ ድምፄ ይበልጥ ያምራል። በረዥሙ ተነፈስኩና መዝጊያዋን ለቀቅኋት። «እነሆ ዳለቻ በተወለደ በሁለት ዓመቱ፣ ባደረበት ድንገተኛ ፌስቲቫል፣ ዛሬ ከዚህ ዓለም ድካም ያርፋል። ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን እንመኛለን።»

በዚህ መሐል እማማ ዝማም በዚያ ያልፋሉ። እማማ ዝማም ለቅሶ የማያመልጣቸው፣ ጆሮአቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ድንኳን አዩ፣ የእኔን ድምፅ ሰሙ፤ ሌላ ምን ይጠርጥሩ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። «ማን ነው የሞተው?» ብለው አጠገባቸው ያለችውን ጠየቁ። «ዳለቻ ነው» አለቻቸው እሷም እንባዋን እየጠረገች። እማማ ዝማም ዳለቻ የሚባል ጎልማሳ በልባቸው ሥለው፣ እዚያው ሙሾውን አወረዱት፤

«ዳለቻው ዳለቻው የደጋው ጎረምሳ፣
አንተም እንደ ጌቶች ተጠራህ ለምሳ?»

አለቀ። ድንኳኑ በአንድ ድምፅ በለቅሶ ፈነዳ። ሼፉ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

እትዬ ደብሪቱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ምስጋናው!»

«አቤት።»

«ይሄ ሁሉ ዳለቻ ነው?»

«ከባርኔጣዬ በቀር ሁሉንም አንብበውታል።»

«አላሳርድም!» ብለው ሮጠው የበጉን አንገት አቀፉ። አራጁም ቢላውን መሬት አስቀመጠ። «እኔስ ብሆን» አለ፣ «እንዲህ ያለውን አርጄ ልጆቼን በምን ዓይን አያቸዋለሁ?»

ሰናይት እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ቲቸር ምን አደረጉኝ? በቃ፣ የሌሎቹን አያንብቡ! እነሱ ዝም ብለው ይታረዱ።»

እሺ ብዬ ወረቀቴን ሳጥፍ ጋሽ ሰይድ ከወዲያኛው ድንኳን ተነሡ። ሳቃቸው የለም።

«መምህር፣ የኔስ?»

«የእርስዎን እንዝለለው ብለን ነው ጋሽ ሰይድ።»

«ለምን ይዘለላል? ጉራቻ ዘመድ የለውም?»

«ይነበብለት እንጂ!» አለ ከኋላቸው ድንኳኑ በሙሉ። «የሙጃው ተነብቦ የቆላው ሊቀር ነው? በበግም አድልዎ?»

ሰናይት ዓይኗን ጨፍና፣ «ያንብቡለት» አለችኝ። አነበብኩ። ሦስት ጊዜ ከገበያ መመለሱን፣ «ሰው ሁሉ ጥርሱን ሲያይ፣ ልቡን ያየለት አንድም ሰው ሳይኖር» መኖሩን። «ያ ረቢ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ጋሽ ሰይድ ጉራቻ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ «አፉ በለኝ ወንድሜ፣ እንዲህ መሆንክን አላወቅሁም ነበር» ይሉታል። ጉራቻ ጥርሳቸውን አየ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት አራት ባለበጎች ማንን ይፈራሉ? ተራ ያዙ። አንደኛው ታሪኩ አራት መስመር መሆኑን ሲያዩ፣ «የኔ በግ ሕይወቱ አጭር ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ቆሜ ከልቤ ጨመርኩላቸው። የአንዱ ባለቤት ደግሞ ስለ በጋቸው የነገሩኝ «ይበላል፣ ይተኛል» ብቻ ነበር። ምን ላድርግ፣ «ዝምተኛ ነበር» አልኩ። የማይታመን ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ያስለቀሰው እሱ ሆነ። ዝምተኛ ሰው በየቤቱ አለ መሰለኝ።

እኩለ ቀን አለፈ። በሁለቱም ወጥ ቤት ሽንኩርቱ ቀልቷል፣ ቅቤው ነጥሯል፣ ሥጋው ግን ሪባን አስሮ ሜዳ ላይ ይግጣል። ከፊት ከተቀመጡት የሆቴል ባለቤቶች አንዱ፣ ቦርጫም ሰውዬ፣ ሰዓቱን አየና ተነሣ። «እኛ የተጠራነው ለምሳ ነው ወይስ ለሰልስት?» አለ። ሌሎቹም መነሣት ጀመሩ።

ያኔ ሰናይትን አየኋት። ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆማ አታለቅስም፤ የቀሚሷን ጫፍ ብቻ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አምስተኛ ክፍል ሳለች ጥያቄ ሲከብዳት እንዲህ ታደርግ ነበር። ቀልዱ ከሆዴ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። የልጅቷን የዓመት ድካም፣ የስድስት ቤተሰብ ተስፋ፣ በሁለት ገጽ ተኩል ቀብሬው ቆሜአለሁ።

ላስተካክለው ብዬ ማይክራፎኑን ነጠቅሁ። «ይቅርታ፣ ማስተካከያ አለ! ዳለቻ ያልኩትን ያህል ጥሩ በግ አይደለም። ባርኔጣ በልቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ወግቶ ገደል ከቷል!»

«ኧረ ሙት ወቃሽ አያድርገን!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸብኝ።

ይባስ ብሎ የግብርና ባለሙያው ራሱ እዚያው ነበር። ከኋላ መደዳ እያነከሰ ተነሣ። «እኔ ይቅር ብዬዋለሁ!» አለ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ። ጭብጨባው ድንኳኑን ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ከዚህ ወዲያ ያንን በግ ቢላ ቀርቶ ቅማል የሚነካው አልነበረም።

ያዳነችን ያስቸገረችን ሴት ናት። እትዬ ደብሪቱ የዳለቻን ገመድ ለባላቸው አቀበሉና መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በሉ እናንተ ሴቶች፣ እንግዳ ጾሙን ሊውል ነው? ስንቃችሁን ፍቱ!» አሉ። ከሩቅ የመጣ ገበሬ ስንቅ አያጣም። ከየከረጢቱ የባቄላ ሽሮ ወጣ፣ በሶ ወጣ፣ ቆሎ ወጣ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ ወጣ፣ የገብስ እንጀራ ከየአገልግሉ ተነሣ። ሽሮው ለሥጋው በተቁላላው ሽንኩርትና ቅቤ ላይ ገባ። ሼፉ ሊያግዝ ቢሞክር፣ «አንቱ አባቴ፣ እዚያ ተቀመጡና ይባርኩልን» ብለው ቆቡን አይተው አስቀመጡት።

ሊበላ ሲል ነው ነገሩ የገባን። ሥጋ ከሌለ ሁለት ድንኳን ለምን? ጋሽ ሰይድ ከወዲያኛው ድንኳን ተነሥተው መጡ፤ ከኋላቸው ሁሉም መጣ። አንደኛው ድንኳን ባዶውን ቀረ። አቶ ምስጋናውና ጋሽ ሰይድ በአንድ ትሪ ቀርበው፣ አንዱ ለአንዱ ሲያጎርስ አየሁ። ሁለቱም በየመሐሉ የቀኙን እጅ ወደ ኋላ እየሰደዱ ለበጎቻቸው ቆሎ ይሰጣሉ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የፈታ ክርስቲያን በሃምሳው ሽሮ እየበላ እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። እማማ ዝማም ብቻ ሽሮውን እየበሉ፣ «ድግሱስ ደህና ነው፤ አስከሬኑ ግን ዘገየ» ይሉ ነበር።

ቦርጫሙ ሰውዬ ሦስተኛ ጊዜ ሽሮ አስጨምሮ፣ ጣቱን ልሶ፣ ሰናይትን ጠራት። የሽሮውን ባቄላና ገብሱን ከእነዚሁ ቤተሰቦች ሊወስድ ተስማማ። «በጉንም እንወስዳለን» አለ፤ «ከነዚህ ከስድስቱ ሌላ በግ ሞልቷቸዋል፣ ይቺ የላስታ በግ ማማሯን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ውሉ ላይ አንድ ነገር ይግባልኝ። እኚህ ሰውዬ» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ፣ «ስለምንገዛው በግ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ።» ሰናይት ከልቧ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ቶሎ ጻፈችው። ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የፈረምኩት ወረቀት የለም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሃምሳው ሳያልቅ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ተገናኘን። ጉልበት ለጉልበት ተሳሳምን። ስለ ባላቸው ጠየቅሁ፣ ስለ አዝመራው ጠየቅሁ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ዳለቻስ?» አልኩ።

«አረድነው!» አሉኝ ፊታቸው እየበራ። «ለእህቴ ልጅ ሰርግ። እንዴት ያለ ሥጋ መሰለዎት መምህር! ስቡ ይህን ያህል!» ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አሳዩኝ።

«ታዲያ ያን ዕለት ያ ሁሉ ለቅሶ?»

«ያን ዕለትማ እርስዎ አነበቡ። ሰርግ ላይ ማን ያነባል?» ብለው ከነጠላቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡ። ቋንጣ ነው። «ድርሻዎ ነው። ታሪኩን የጻፈ ሰው ሳይቀምሰው አይቅር ብዬ አስቀመጥኩልዎ።»

ጥቅሉን ታቅፌ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። በመንገድ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ማን ሞተብህ እያለ ይጠይቀኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ? ቤት ገብቼ ጥቅሉን ለትርንጎ ሰጠኋትና ምን እንደሆነ ነገርኳት። እኔ አንዲት ቁራጭ እንደማልነካ፣ ሰው የሚያውቀውን እንደማይበላ፣ ከፈለገች ለብቻዋ እንድትበላው ነገርኳት። እሷ ቋንጣውን ሰባብራ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ፈተፈተችው። ሽታው ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ ጓዳውን አልፎ፣ የተቀመጥኩበት ድረስ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

አንድ ጉርሻ ብቻ፣ ለሐዘን ወግ ያህል ብዬ ቀረብኩ። ጎረስኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትርንጎ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«እህ?» አለችኝ። «እንዴት ነው?»

«ነፍሱን ይማር» አልኳት አፌ እንደሞላ። «ጨምሪልኝ።»